ስደተኛ ጸሐፊ የሚያነብለት ወዳጅ ያስፈልገዋል



በምናገለግለው ሕዝብ መካከል ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በጸጥታ እያደገ የመጣ አንድ ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ በሥራ ውለው፣ ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ በማእድ ቤት ጥግ ወይም በልብስ መተኮሻው ክፍል በተነጠፈች ፍራሽ ላይ ሆነው ግጥም፣ አጭር ታሪክ ወይም የልጅነት ትዝታ በስልካቸው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ተገናኝተው፣ የጻፉትን እየተላላኩ፣ አንዱ የሌላውን እያነበበና እያረመ የሚኖሩበት አነስተኛ ማኅበር መሥርተዋል። አንዷ ቤይሩት፣ ሌላዋ ኩዌት፣ ሌላው ደግሞ ዱባይ ሊሆን ይችላል፤ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ብዙዎች ናቸው።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ነቀፋ ስሰማ ቆይቻለሁ። የመጀመሪያው ከአገር ቤት የሚመጣ ነው፤ «የሄድሽው ለሥራ ነው፤ ግጥም ምን ያደርግልሻል?» የሚል። ሁለተኛው ከእኛው ከአገልጋዮች ወገን የሚሰነዘር ሲሆን፣ ስልክ እንቅልፍንም ጸሎትንም እየበላ ባለበት ዘመን ሌላ ተጨማሪ ማኅበር በስልክ ላይ መክፈት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም የሚል ነው። ሁለቱንም ነቀፋዎች የሚያቀርቡት ሰዎች ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የእኔ አስተያየት ግን የተለየ ነው። መጻፍ የሚወድ ስደተኛ ሁሉ እንዲህ ያለ ማኅበር ቢያገኝ እንዲገባ፣ ባያገኝ ሦስት ሰዎችን ሰብስቦ እንዲመሠርት እመክራለሁ። ማኅበሩ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍልም ስለዚያ ነው።

በመጀመሪያ «ጽሕፈት የብቻ ሥራ ነው» የሚለውን አባባል እንመልከት። እውነት አለው፤ ግን ግማሽ ነው። በአገራችን የቅኔ ቤት ሥርዓትን የሚያውቅ ሰው ሌላውን ግማሽ ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ ቤተሰቡን ትቶ፣ ርቆ፣ ቁራሽ እየለመነ በጎጆ የሚኖር ነው፤ እርሱም በራሱ መንገድ ስደተኛ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ቅኔ ሲቆጥር ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ይቀመጣል። የቆጠረውን ይዞ ግን በዚያ አይቀርም፤ ተመልሶ በየኔታ ፊት ይናገራል፣ ጓደኞቹም ይሰማሉ። ቤቱ የተበላሸበት ይታረማል፤ ሰሙና ወርቁ ያልተስማማለት ነገ ሌላ ይዞ እንዲመጣ ይነገረዋል። ጀማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይነሣል እንጂ መወድስ አይሞክርም፤ ማንም በዚህ አይስቅበትም፣ ሁሉም ከዚያ ጀምሮአልና። ለብዙ መቶ ዓመታት ባለቅኔ ሲያፈራ የኖረው ይህ የብቸኝነትና የጉባኤ ቅብብሎሽ ነው። ሰሚ ሳያገኝ ለብቻው ቆጥሮ ለብቻው ያደነቀ ባለቅኔ መኖሩን ሰምቼ አላውቅም።

ከአገር ውጭም ቢሆን ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ የኖረ ነው። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 እ.ኤ.አ. በዚያችው ከተማ የወጣው ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ቋንቋውን በመማሩ ነው። ከ35 ዓመታት በኋላ ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. አሳተመ። እነዚህ ሰዎች በመጽሐፋቸው ውስጥ ስለ ስሕተቶቹ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ምክንያታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ፊደል የሚለቅሙት ሠራተኞች ግእዝ ማንበብ አይችሉም ነበር፣ እነርሱ ደግሞ ፊደል መልቀም አያውቁም ነበር። እርስ በርስ እየተረዳዱ በዳበሳ ሠሩት። ዛሬ በስልኳ ላይ የአማርኛ ፊደል አወራረድ ለጓደኛዋ የምታሳይ እኅትና፣ ጓደኛዋ በምላሹ ዐረፍተ ነገሯን የምታቃናላት፣ የሚሠሩት ሥራ ከዚያ የራቀ አይመስለኝም።

ከዚያው ቤት አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምር፤ ወደ ኋላ ስለምፈልገው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከካቶሊካውያን ጋር በመቆማቸው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር የተሰደዱ ሰው ነበሩ። በ1649 እ.ኤ.አ. በሮም ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ አገኛቸው፤ በ1652 ደግሞ ወደ ጎታ ከተማ ተጋብዘው ሄዱ፤ ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ ሲጻጻፉ ቆዩ። ሉዶልፍ ሉተራዊ፣ አባ ጎርጎርዮስ ካቶሊክ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም አገራቸውም አይገናኝም። ሉዶልፍ ግን ይጠይቅ ነበር፤ ስለ አዝርዕት፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ነገሥታት፣ ስለ አማርኛ ግሥ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 እ.ኤ.አ. በመርከብ አደጋ ሞቱ፤ ያወቁት ሁሉ ግን ከእርሳቸው ጋር አልሰጠመም። በ1681 በታተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 በወጣው የአማርኛ ሰዋስው ውስጥ የእርሳቸው ድምፅ አለ። የሚጠይቃቸው ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ዕውቀት ከእርሳቸው ጋር በባሕር ይቀር እንደ ነበር አስቡት።

አሁን ወደ ዘመናችን ልመለስ። በሆንግ ኮንግ የሚሠሩ የኢንዶኔዥያ የቤት ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት የራሳቸው የሥነ ጽሑፍ ክበቦች ነበሯቸው። ከእነዚህ አንዱ በ1997 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ የተመሠረተው ፎረም ሊንግካር ፔና የተባለው የጸሐፍት ማኅበር በዚያች ከተማ ያቆመው ቅርንጫፍ ነው፤ አባላቱ በአብዛኛው ሙስሊም ሴቶች ናቸው። በሕግ የተሰጠቻቸውን አንዲት የሳምንት ዕረፍት ይዘው በቪክቶሪያ ፓርክ ሣር ላይ ይሰበሰቡ፣ የጻፉትን ይነባበቡ፣ ይተራረሙ ነበር፤ ብዙዎቹም መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሰዋል። በሲንጋፖር ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስደተኛ ሠራተኞች የግጥም ውድድር ተካሂዷል፤ ሲጀመር የባንግላዴሽ የግንባታ ሠራተኞች የቀረቡበት ነበር፣ ኋላ የሌሎች አገሮች ሰዎችና የቤት ሠራተኞችም ተጨመሩ። በታይዋን ደግሞ በዚያው ዓመት የተቋቋመው የስደተኞች የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ጽሑፎችን በኢንዶኔዥያኛ፣ በቬትናምኛ፣ በታይኛና በታጋሎግ ይቀበል ነበር። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ፤ «መጀመሪያ ቋንቋችንን ተማሩ፣ ከዚያ ትናገራላችሁ» አላሉም። ሰው የሚያለቅስበትና የሚያልምበት ቋንቋ ለጽሑፍም ይበቃል ብለው ተቀበሉት። በዐረብኛ ወጥ ቤት እየኖራችሁ አማርኛችሁ የዛገባችሁ የሚመስላችሁ ሁሉ ይህን አትርሱ።

እዚህ ላይ በእኛና በእነዚያ መካከል ያለው ልዩነት ይታያል። የሆንግ ኮንግ ሠራተኞች የዕረፍት ቀንና መናፈሻ አላቸው። የእኛዎቹስ? በኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለቤት ሠራተኛ የሳምንት ዕረፍት ይደነግጋል፤ ሕጉ በወረቀት ያለበትና በሩ በእውነት የሚከፈትበት ቤት ግን አንድ እንዳልሆነ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ዓርብም ሆነ እሑድ ከቤት የማትወጣ እኅት መናፈሻዋ የት ነው? ከእኛ ቅዳሴ እንኳ የምትካፈለው በስልክ አይደለምን? እንግዲህ «ስልክ ጊዜ ይበላል» የሚለው ነቀፋ እውነት ቢሆንም፣ ለእርሷ የቀረላት ብቸኛው መናፈሻ ያ መሆኑን ሳያዩ የሚናገሩት ነው። የምሽቱን ግማሽ ሰዓት በማያልቅ አጫጭር ቪዲዮ ላይ ከማሳለፍና የጓደኛን ሁለት ገጽ ጽሑፍ በጥንቃቄ አንብቦ አስተያየት ከመስጠት መካከል የትኛው ሰውን እንደሚያደክምና የትኛው እንደሚያሳርፍ የሞከራችሁት ታውቁታላችሁ።

አንዳንዶች «ስለ እኛ የሚጻፈው በቂ ነው» ይሉኛል። በእርግጥ ስለ ስደተኛ ብዙ ይጻፋል። ጋዜጠኛው አደጋ ሲደርስ ይጽፋል፤ የእርዳታ ድርጅቱ ለሪፖርቱ ይጽፋል፤ ኤጀንሲው «ታዛዥ፣ ንጹሕ፣ ምግብ ማብሰል የምትችል» ብሎ ከፎቶግራፍ ጋር ይጽፋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሰውየዋ ወይ ሙሾ ናት ወይ ዕቃ። ቀልድ የምታውቅ፣ የአክስቷን አረማመድ አስመስላ ጓደኞቿን የምታስቅ፣ የምትጠብቀውን ሕፃን ከልቧ ወድዳ በመውደዷ የምትሰጋ ሴት በየትኛውም ሪፖርት የለችም። እርሷን መጻፍ የምትችለው ራሷ ናት።

የማኅበሩ ነገር ግን እንዴት ይሁን? ብዙዎቹ የስልክ ማኅበራት የሚታመሙት በስድብ አይደለም፤ በውዳሴ ነው። አንዷ ግጥም ትልካለች፤ አሥር የልብ ምስል፣ አምስት የጭብጨባ ምስል፣ «ጎበዝ እኅቴ»፣ «እግዚአብሔር ይባርክሽ»፣ «ቃል የለኝም» ይከተላል። በማግሥቱ ሌላዋ ትልካለች፤ ያው ይደገማል። ከስድስት ወር በኋላ ሁሉም እንደ ጀመሩት ይጽፋሉ፤ «ቃል የለኝም» ያለችው እኅትም እውነቷን ነው፣ ቃል አልነበራትም፣ አላነበበችውምና። ይህ ደግነት ይመስላል። እኔ ግን ከስንፍና ጋር ዝምድና ያለው ደግነት እለዋለሁ። ደግሞም ከባሕላችን የመጣ ነው፤ ፊት ለፊት ማረም ነውር፣ ማሳፈር ይመስለናል።

የማውቀው አንድ ትንሽ ማኅበር አለ፤ አባላቱ ከአሥር አይበልጡም። አንዲት እኅት አገሯን ለቃ የወጣችበትን ሌሊት ጽፋ ላከች፤ «እናቴ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ መኪናው ሄደ» የሚል ነበር በአጭሩ። የተለመዱት ልቦች መጡ። ከአባላቱ አንዷ ግን፣ በዕድሜ የገፋች፣ አራተኛ ክፍል ድረስ ብቻ የተማረች ሴት፣ «እትዬ፣ እናትሽ በእጇ ምን ይዛ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። መልሱ ከሁለት ቀን በኋላ መጣ። እናቲቱ የያዘችው የልጅቱን የትምህርት ቤት ደብተር ነበር፤ ምን ልታደርገው እንደ ያዘችው ማንም አያውቅም፤ ምናልባት በድንጋጤ ከመደርደሪያው ያነሣችው የመጀመሪያው ነገር ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ እንደገና ተጻፈ፤ «አለቀሰች» የሚለው ቃል በሁለተኛው ጊዜ አልነበረበትም፣ አያስፈልገውም ነበርና። አንባቢዋ ስለ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት አልሰጠችም፤ ጠየቀች ብቻ። ሉዶልፍም ያደረገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው፤ የጓደኛችሁን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ አንድ በእውነት ልታውቁት የፈለጋችሁትን ጥያቄ ጠይቁ። ጥያቄ ካላገኛችሁ እንደገና አንብቡ። ልቡን ከዚያ በኋላ ላኩ።

እርማትም ቦታ አለው፤ ግን ተራ አለው። ጀማሪን በፊደል ስሕተት መደብደብ ከንቱ ነው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ኋላ ይቃናሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ የምትጽፍ እኅት ብትመጣ አትመልሷት፤ የግእዙን ፊደል በስልኳ ላይ አስጭናችሁ አሳዩአት። የፊደሉን ገበታ ጨርሶ የማያውቅ ደግሞ በድምፅ ይላክ፤ ሌላው ይጻፍለት። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት በእጁ የጻፈለት ጤርጥዮስ ነበር።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በሐምሌ 17 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ሥነ ጽሑፍ በሰው አእምሮና ልብ አነጻጸር ስላለው ድርሻ አንድ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። መጀመሪያ ለካህናት ሕንጸት ያሰቡት ሲሆን፣ ኋላ ግን ለምእመናን ሁሉ እንደሚሆን አይተው አስፍተውታል። በደብዳቤው ውስጥ በ1964 እና በ1965 ሳንታ ፌ በተባለች የአርጀንቲና ከተማ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ተማሪዎቹ ሥርዓተ ትምህርቱ ያዘዘውን የጥንት መጽሐፍ አልወደዱትም፤ እርሳቸውም ያንን ቤታቸው እንዲያነቡ አድርገው፣ በክፍል ውስጥ ልጆቹ የሚወዷቸውን ደራስያን ያስተምሩ ጀመር። በደብዳቤው የሌለው፣ ነገር ግን የታወቀው ሌላ ታሪክ ይበልጥ ይነካኛል። ተማሪዎቹ የራሳቸውን አጫጭር ታሪኮች እንዲጽፉ አደረጓቸው፤ የአርጀንቲናው ታላቅ ደራሲ ሆርሄ ሉዊስ ቦርሄስ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲመጣ ጋበዙ፤ ቦርሄስም መጣ፣ ለልጆቹ ታሪኮች መጽሐፍም መቅድም ጻፈ። ያን ጊዜ ቦርሄስ በዓለም የታወቀ፣ ዓይኑም የጠፋ ሰው ነበር። የልጆቹን ጽሑፍ ሰው አንብቦለት፣ ሰምቶ ነው ማለት ነው መቅድም የጻፈው። መምህሩ ለተማሪዎቹ የሰጠው ትልቁ ነገር አንባቢ ነበር።

አሁን ስለ አደጋው። ይህን ሳልናገር ብመክር በደል ይሆንብኛል።

የምትጽፉት ታሪክ የእናንተ ብቻ አይደለም። የምትኖሩበት ቤት ሰዎች፣ ሕፃናቱ፣ ሕመማቸው፣ ጠባቸው በእናንተ ፊት የተገለጠው በሥራችሁ ምክንያት ነው። የሰውን ምስጢር መጠበቅ ግዴታ ከመሆኑም በላይ፣ በምትኖሩባቸው አገሮች ብዙዎቹ የሰውን ፎቶግራፍና የቤት ምስጢር በስልክ ማሰራጨት በሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ ስም ለውጡ፣ ከተማ ለውጡ፣ የልጆቹን ቁጥር ለውጡ፤ ፎቶግራፍ ከቶ አትላኩ። የማዳሟን ክፋት ብቻ ለመበቀል የሚጻፍ ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጽሑፍም አይሆንም፤ ለሦስት ቀን ያቀልላል፣ ከዚያ ያው ነው። ይህ ማለት ግፍ አይጻፍ ማለት አይደለም። ግፍ ይጻፍ፤ የት እንደሚሄድ ታውቆ ይጻፍ።

ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። ባለ ታሪኳ ስለ ፈቀደችልኝ፣ አገሩንና ጊዜውን ሸሽጌ እነግራችኋለሁ። በአንድ ማኅበር ውስጥ ስለ «አንዲት ልጅ» የሚተርክ ልብ ወለድ በክፍል በክፍል ይላክ ነበር። ልጅቱ በቤት ተቆልፋባታል፣ ደመወዝ ከተከፈላት ወራት አልፈዋል፣ በሌሊት በሯን የሚገፋ ሰው አለ። አባላቱ «ቀጥይበት»፣ «ልብ አንጠልጣይ ነው» ይሉ ነበር። አራተኛው ክፍል ሲመጣ አንዲት እኅት ለብቻዋ በግል መልእክት «ይህቺ ልጅ አንቺ ነሽ ወይ?» ስትል ጠየቀቻት። ለረጅም ጊዜ ምላሽ አልመጣም፤ ከዚያም «አዎ» የሚል አንድ ቃል መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው በጥሪ፣ በቆንስላ፣ በጠበቃና በብዙ ጥበቃ የተሠራ ነው፤ ዛሬ እኅታችን በአገሯ ናት።

ከዚህ የምረዳው፣ የማኅበር አባል ሁለት ዓይን ሊኖረው እንደሚገባ ነው። በአንዱ ጽሑፉን ያያል፤ በሌላው የጻፈችውን ሰው። ልብ ወለድ መስሎ የሚመጣ የድረሱልኝ ጩኸት አለ፤ ሰው በቀጥታ ሊናገረው የማይደፍረውን በሦስተኛ ሰው ይናገረዋልና። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲያድርባችሁ በሁሉ ፊት አትጠይቁ፤ ለብቻ፣ በቀስታ፣ መልእክቱ በሌላ ሰው ዓይን ሊታይ እንደሚችል አስባችሁ ጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ነገሩ ከማኅበሩ አቅም በላይ ነው፤ ለቆንስላ፣ ለታመነ ድርጅት ወይም ለእኛ ለአገልጋዮቻችሁ አድርሱት። አድናቆት በዚያ ሰዓት ረዳት አይሆንም።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። «መጽሐፍሽን እናሳትምልሻለን፣ ይህን ያህል ላኪ» የሚል ያልታወቀ ሰው ወደ እነዚህ ማኅበራት ሲገባ ታያላችሁ። በአገራችን ብዙ ደራሲ የማሳተሚያውን ወጪ ራሱ እንደሚሸፍን እውነት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ብቻውን ማጭበርበር ነው አይባልም። ነገር ግን ማተሚያ ቤቱን በስሙ ሳታውቁ፣ አዲስ አበባ ያለ የታመነ ሰው በአካል ሄዶ ሳያይላችሁ፣ የወር ደመወዛችሁን አትላኩ።

ስለ ብዛትም አንድ ነገር ልበል። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ ክሪስ ቤቲ የተባለ ወጣት ከ20 ጓደኞቹ ጋር በአንድ ወር ውስጥ 50,000 ቃላት ያለው ልብ ወለድ ለመጻፍ ተስማማ። ነገሩ ናኖራይሞ በሚል ስም በበይነ መረብ ተስፋፍቶ፣ በየዓመቱ በኅዳር ወር ግድም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ጀማሪ ጸሐፍትን የሚያሰባስብ ሆነ፤ ብዙዎችንም ከፍርሃት አውጥቷል። በ2023 ግን በመወያያ መድረኩ ላይ ለአካለ መጠን ያልደረሱ አባላት በቂ ጥበቃ አላገኙም የሚል ብርቱ ቅሬታ ተነሣበት፤ ሌሎች ክርክሮችና የገንዘብ ችግርም ተጨምረው ድርጅቱ በመጋቢት 2025 መዘጋቱን አስታወቀ። መልካም ሐሳብ በመስፋቱ ብቻ ጠፋ አልልም። ሆኖም ሃያ አንድ ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ሃያ አንድ ሺህ ሰዎችን ግን ማን ያውቃቸዋል? ማኅበራችሁ ትንሽ ቢሆን አትዘኑ። አዲስ ሰው የሚገባው ከአባላቱ አንዱ ሲያውቀው ይሁን። ሁለት ሰዎች ደግሞ ኃላፊነት ይውሰዱ፤ አንዷ ስልኳ ቢወሰድባት ሌላዋ ማኅበሩን ትጠብቅ ዘንድ።

ስልክ መወሰዱን ካነሣሁ፤ ጽሑፋችሁን በአንድ ስልክ ላይ ብቻ አታኑሩት። ስልክ ይሰበራል፣ ይወረሳል፣ በችኮላ ወደ አገር በሚመለሱበት ቀንም ይጠፋል። ለታመነ ጓደኛ ቅጂ ላኩ፤ ከተቻለም በደብተር ገልብጡት። የሁለት ዓመት ሌሊቶቿ በአንድ ቀን የጠፉባት እኅት አጋጥማኛለች፤ ለእርሷ የተረፈላት የማኅበሩ አባላት በየስልካቸው ያስቀሩላት ቁርጥራጭ ነው፤ እየሰበሰቡ መልሰውላታል።

እኛ አገልጋዮችስ? ከመንቀፍ ይልቅ ቦታ ብንሰጥ ይሻላል እላለሁ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ በሚከበርበትም ሆነ እሑድ በሚከበርበት አገር፣ ቡና በሚጠጣበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ለንባብ ይሰጥ። መምጣት የቻሉ የራሳቸውን ያንብቡ። ከቤት መውጣት የማይችሉት ጽሑፋቸውን ይላኩ፤ ሌላ ሰው ቆሞ ያንብብላቸው፣ ንባቡም በድምፅ ተቀርጾ ይላክላቸው። የሚያነብላት ሰው ግን ጽሑፉን ቀድሞ ሁለት ጊዜ አንብቦ ቢመጣ መልካም ነው፤ በስልክ የተጻፈ አማርኛ ፊደሉ ብዙ ጊዜ ይዘላልና፣ የጸሐፊዋን ስሕተትና የስልኩን ስሕተት ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።